ደረጃውን ቁጠሩልን

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር ነው የማነበው። በቀደም ስለ ከተማችን ከፍታ ቦታዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የት ቆሞ ፎቶ መነሳት እንደሚሻል፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚመች፣ ወደ ማታ ስለሚበርድ ሹራብ መያዝ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ጽፋችኋል። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ማንም ሰው ሳያየው መቅረት የለበትም» ይላል። ከጠቀሳችኋቸው ቦታዎች አንዱ ጋ እኔ ሄጃለሁ። በሩ ድረስ ሄጄ ሳላየው ተመልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

በዊልቸር ነው የምንቀሳቀሰው። 14 ዓመት ሆነኝ። ከክፍለ ሀገር ስንመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ተገለበጠና አከርካሪዬ ተጎዳ፤ ከወገቤ በታች አይታዘዝልኝም። እጆቼ ደህና ናቸው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ በወር ደመወዝ አገኛለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ። እንደማንኛውም ሰው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ከቤት መውጣት ያምረኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከፋሲካ በኋላ የቢሮ ልጆች ተሰባስበን ከከተማው ወጣ ያለ ኮረብታ ላይ ልንዝናና ሄድን። የቦታውን ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ እሱ ብቻ ተወቅሶ ሌላው የሚያመልጥ ይመስለኛል፣ ነገሩ ደግሞ የአንድ ቦታ አይደለም። መኪና ተኮናትረን፣ ምሳችንን ይዘን፣ ድፎ ዳቦ ሳይቀር አስጋግረን ነበር። እኔ ከአንድ ቀን በፊት ስልክ ደውዬ «ዊልቸር ይገባል ወይ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። «ችግር የለም፣ ይገባል» ተባልኩ። ዊልቸር ተጠቃሚ የሆነ ሰው ይህችን «ችግር የለም» በደንብ ያውቃታል። ስልኩን ያነሳው ልጅ እየዋሸኝ አልነበረም። ቦታውን በየቀኑ እየተመላለሰበት ደረጃው እንዳለ ትዝ ብሎት አያውቅም፣ ነገሩ ይኸው ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ደረጃ አያይም።

እኔ ግን አያለሁ። ከመኪና ገና ሳልወርድ ቆጥሬያለሁ። ትኬት መቁረጫው ጋ ሦስት። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ካፌው አምስት። ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ሰገነት ጋ ደግሞ 12።

ጥበቃዎቹ ሲያዩኝ ሮጠው መጡ። «አይዞሽ እህቴ፣ እናነሳሻለን» አሉኝ። አራት ሆነው ከበቡኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነዚህ ልጆች ልባቸው ንጹህ ነው፣ ያኔም ዛሬም አልቀየምኳቸውም። ግን ዊልቸር እንዴት እንደሚነሳ ማንም አላሳያቸውም። አንዱ የያዘው ጎማውን ነው፣ ጎማ ደግሞ ይዞራል። ሌላው የክንድ ማሳረፊያውን ያዘ፣ እሱ የሚነቀል ነው፣ እጁ ላይ ቀረ። ወደ ጎን ዘመምኩ። ሦስተኛው እንዳልወድቅ ብሎ ብብቴ ሥር ገብቶ አቀፈኝ። ቀሚሴ ወደ ላይ ሄደ። ነጠላዬ ጎማው ውስጥ ገብቶ ተጠመጠመ፣ ሲያወጡት ጥለቱ ተቀደደ። የእናቴ ነጠላ ነበር። ይሄ ሁሉ የሆነው ትኬት ለመቁረጥ በተሰለፈው ሕዝብ ፊት ነው። አንዲት እናት «እመብርሃን ትማርሽ» ብለው ሃያ ብር እግሬ ላይ አስቀመጡልኝ። ለመዝናናት የመጣሁ መሆኔን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ዝም አልኩ።

ሦስቱን ወጣሁ። አሥራ ሁለቱ ሲመጣ ግን «በቃ» አልኩ። «ኧረ እንችላለን!» አሉ። እንደሚችሉ አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ሽንት ቤት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና መነገር አለበት። ዊልቸሬ 64 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የሽንት ቤቱ በር ከዚያ ይጠባል፣ የሥራ ባልደረባዬ በስንዝር ለክታ መጥታ ነገረችኝ። እንዲህ እንደሚሆን ስለምገምት ከጠዋት ጀምሬ ውሃ አልጠጣሁም ነበር። ወደማላውቀው ቦታ ስሄድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። ሐኪሜ ለኩላሊትሽ ጥሩ አይደለም ብሎ ይቆጣኛል። ልክ ነው። ግን ምን ላድርግ? የዊልቸር ተጠቃሚ የሆነች ሴት ጠይቁ፣ ይህንኑ ነው የምትነግራችሁ።

እናም ሁለት ሰዓት ያህል መኪና ማቆሚያው ጋ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። የቢሮ ልጆቹ ተራ ገብተው እየመጡ አጠገቤ ተቀመጡ፤ እነሱም ሳይዝናኑ ቀሩ። አንዷ ሰገነቱ ላይ ሆና በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየችኝ። «ያ የኛ ሰፈር ነው መሰለኝ» አለችኝ በጣቷ እያሰፋችው። ቤቴን የሚመስል ነገር አየሁ፣ በስልክ።

ይህ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ኮረብታው ከፍ ስላለ? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። «እንግዲህ ተራራ ነው፣ ምን ይደረግ» እል ነበር። ባለፈው ግንቦት አቴንስ እስክሄድ ድረስ።

ታላቅ እህቴ አቴንስ አዛውንት እየተንከባከበች የምትኖር ናት፣ ብዙ ዓመቷ ነው። አንድ ወር እሷ ጋ ከርሜ መጣሁ። ከመሄዴ በፊት «አክሮፖሊስ እወስድሻለሁ» ስትለኝ ተናደድኩባት። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል፣ ከተማው መሀል ላይ ብድግ ያለ ቋጥኝ ነው፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ላይ የድሮ የግሪኮች ቤተ መቅደስ። ከባሕር ጠለል 156 ሜትር ነው። ለኛ ለእንጦጦ ልጆች ይሄ ከፍታ አይባል ይሆናል፣ እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ግን ሰው የሚወጣው በምዕራብ በኩል ባለው ዳገትና የእብነ በረድ ደረጃ ነው፣ ያ እብነ በረድ ደግሞ ከስንት ዘመን ጀምሮ እየተረገጠ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ በእግራቸው የሚሄዱት ራሳቸው ይንሸራተታሉ። ፓርተኖን የሚባለውን ዋናውን ቤተ መቅደስ መሥራት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ዓመት ነው። እኔ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ከወጣው የሕንጻ አዋጅ በኋላ የተሠራ ደረጃ መውጣት ያልቻልኩ ሰው ነኝ። እንዴት አድርጌ ነው እዚያ የምወጣው?

«ዝም ብለሽ ነይ» አለችኝ።

ከቤቷ በሜትሮ ሄድን። ጣቢያው ውስጥ ሊፍት አለ። አምበሎኪፒ ከሚባለው ሰፈር ተሳፍረን ሲንታግማ የሚባለው ጣቢያ ላይ ባቡር ቀየርንና አንድ ጣቢያ ሄደን ወረድን። ማንም አልነካኝም። ከጣቢያው ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ለእግረኛ የተከለለ ሰፊ መንገድ ነው፣ ዳገት አለው፣ እሱን እህቴ ገፋችኝ። ከዚያ ወደ ሰሜን በኩል ዞረን ለብቻ የተከፈተ በር ጋ ስንደርስ ሠራተኛዋ በሬዲዮ ተነጋገረችና አስገባችን።

ቋጥኙ ጎን ላይ ዘመም ብሎ የሚወጣ ሊፍት ተሠርቷል። ሁለት ዊልቸር ይይዛል። ከኛ ጋር አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት ገቡ። እህቴ በግሪክኛ አዋራቻቸው። እዚሁ ከተማ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ጀምሮ ወደ ላይ ወጥተው አያውቁም ነበር፣ ከታች ሆነው ብቻ ነበር የሚያዩት። ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ላይ ስንደርስ ጠፍጣፋ የኮንክሪት መንገድ አለ። እህቴ ትንሽ ገፋችኝና እጇን ከዊልቸሩ አነሳች። «ሂጂ» አለችኝ።

ሄድኩ። በገዛ እጄ። ጎማው በኮንክሪቱ ላይ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ከግራዬ ከተማው ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ከቀኜ ያ ሁሉ ሰው በመጽሐፍ የሚያየው ዓምድ ቆሟል፣ ግማሹ ጥገና ላይ ስለሆነ ብረት ተተክሎበታል። ነፋሱ ነጠላዬን ያውለበልበዋል። ዞር ብዬ አየሁ፣ የሚያየኝ ሰው የለም። ሁሉም ቤተ መቅደሱን ነው የሚያየው። የሚያዝንልኝ የለም፣ የሚያነሳኝ የለም፣ የሚያጨበጭብልኝም የለም። ከጎብኚዎቹ አንዷ ነበርኩ። ከ14 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆኜ ወደ ታች ያየሁት ያን ቀን ነው። አለቀስኩ። እህቴም አለቀሰች።

እንዳታስቡኝ፣ ፈረንጅ ሀገር ሁሉ ነገር ሙሉ ነው ልላችሁ አይደለም። አቴንስ የእህቴ ሰፈር የእግረኛ መንገድ ከኛው አይሻልም። መሀሉ ላይ ዛፍ ተተክሏል፣ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል፣ ንጣፉ ተሰባብሯል። እኔና እህቴ ከመኪና ጋር እየተጋፋን በአስፋልቱ ነበር የምንሄደው። ሊፍቱም ቢሆን እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። የመጀመሪያውን የሠሩት በፈረንጆች 2004 ለኦሊምፒኩና ለፓራሊምፒኩ ሲዘጋጁ ነው። ያ እየተበላሸ፣ በነፋስ ቀን እየቆመ፣ ብዙ ሰው ከታች ቀርቷል። ዊልቸር ተጠቃሚዎች ጮኹ። አሁን ያለው የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፣ እኛም በየዓመቱ የምናከብረው የአካል ጉዳተኞች ቀን ላይ። ኮንክሪቱን ሲያነጥፉም ከራሳቸው የቅርስ ባለሙያዎች ብዙ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ ጥንታዊው ቋጥኝ ተሸፈነ ብለው የተቆጡ አሉ። ክርክሩን እረዳዋለሁ። ቅርስ ሲነካ መቆጣት ደግ ነው። እኔ ግን በዚያ ኮንክሪት ላይ የሄድኩ ሰው ነኝ።

2004 ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በኛ አቆጣጠር 1996 ክረምት መሆኑ ነው። ቀነኒሳ በ10 ሺህ ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ወርቅ ያመጡበት ጊዜ። ሌሊት መንገድ ላይ ወጥተን ስንጨፍር እኔ በሁለት እግሬ ነበር የምዘለው። በዚያው ሰሞን እነዚያ ሰዎች ቋጥኙ ላይ ሊፍት እየሠሩ እንደነበር ያኔ ማን ነግሮኝ? ቢነገረኝስ ምን ይመለከተኛል እል ነበር። የዛሬ ጤነኛ ነገ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም።

በማግሥቱ እህቴ ከእብነ በረድ ወደተሠራው ስታዲየም ወሰደችኝ፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ የተካሄደበት ነው። ፊቱ ክፍት ስለሆነ ከመንገድ ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይታያል። እዚያ ቆመን አበበ ቢቂላን አነሳን። አበበ በሮም ባዶ እግሩን ካሸነፈ በኋላ በ1953 ዓ.ም. ግሪክ መጥቶ ከማራቶን ከተማ እስከ አቴንስ ያለውን ጥንታዊውን ሩጫ ሮጦ አሸንፏል። አባቴ ይነግረን ነበር።

አባቴ የማይነግረን ግን ነበር። አበበ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በመኪና አደጋ ሽባ ሆኗል። እንግሊዝ ታክሟል። ከዚያ በኋላ በዊልቸር ሆኖ ቀስት ወርውሯል፣ ኖርዌይ ድረስ ሄዶ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ተወዳድሮ አሸንፏል። በ1966 ጥቅምት እስካረፈበት ቀን ድረስ አራት ዓመት ተኩል ያህል የዊልቸር ተጠቃሚ ነበር። ልጆቻችን ባዶ እግሩን መሮጡን ይማራሉ፣ መማራቸውም ጥሩ ነው። ይህንንም ይማሩ። የሀገራችን ትልቁ ጀግና እንደኔ ዊልቸር ላይ ነበር። ዛሬ በሕይወት ኖሮ ከተማውን ከላይ ላሳያችሁ ብሎ የልጅ ልጆቹን ይዞ ያ ሰገነት ጋ ቢመጣ፣ ሦስቷ ደረጃ ጋ አራት ሰው ሊያነሳው ነበር። ይህን ሳስብ ደረቴ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ። ሕግ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36ን አውጥታችሁ አንብቡት። ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንጻ በዊልቸር ለሚጠቀሙ፣ መሄድ እየቻሉም ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸው ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ሽንት ቤትም እንዲሁ። በ2002 ደግሞ ሀገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። እዚያ ውስጥ አንቀጽ 30 ላይ ስለ ሙዚየም፣ ስለ ቱሪዝም አገልግሎት፣ ስለ ሐውልቶችና ታሪካዊ ቦታዎች በስም ተጠቅሶ ተጽፏል። ማለትም እኔ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ከተማዬን ልይ ማለቴ ቅብጠት አይደለም። ሀገሬ ፈርማበታለች።

ደግሞ ነገሩ ከባድ አይደለም። እስቲ እናስላው፣ ሂሳብ ሥራዬ ነው። ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት፣ ሲሠራ በተለምዶ የሚወሰደው ልክ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ነው። ያቺ ትኬት መቁረጫው ጋ ያለችው ደረጃ አንዷ 15 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ሦስቱ 45 ናቸው። 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም ተዳፋት ማለት ነው። አንድ የቤት መኪና ከሚቆምበት ብዙም አይበልጥም። ኮረብታው ላይ መንገድ ተቆርጦ፣ አስፋልት ተነጥፎ፣ መኪና አናቱ ድረስ ወጥቷል። ዳገቱን አሸንፈናል እኮ! በሩ ላይ ያቃተን 45 ሳንቲ ሜትር ነው።

አደራ ግን፣ ራምፕ ተብሎ የሚሠራውን ሁሉ ራምፕ አትበሉ። በከተማችን ብዙ ሕንጻ በር ላይ ለቁጥጥር ማሳያ የተሠራ፣ እንደ ጣራ ቀጥ ያለ፣ ሽቅብ ቢሉት ዊልቸሩን ወደ ኋላ የሚገለብጥ፣ ቁልቁል ቢሉት ፊት ለፊት የሚደፋ ነገር አለ። አንዳንዱ ላይ አበባ በማሰሮ አስቀምጠውበታል። አንዳንዱ ከላይ ሲደርስ ሌላ ደረጃ ይጠብቃችኋል። ሴራሚክ የተነጠፈበት ደግሞ ዝናብ ቀን ያንሸራትታል። ኮብልስቶኑም ላይ አንድ ነገር ልበል። ለመኪና ጥሩ ነው፣ ለብዙ ወጣትም ሥራ ሆኗል። ግን የዊልቸር የፊት ጎማ ትንሽ ናት፣ በድንጋዩ መሀል ትቀረቀራለች። መሀል ላይ 1 ሜትር የምትሰፋ ለስላሳ መስመር ብትተውልን ለሕፃን ጋሪ፣ ለምርኩዝ፣ ሻንጣ ለሚጎትት ሰውም ትሆናለች።

«ቅርስ ነው፣ አይነካም» የሚሉም አሉ። ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፣ ስለዚህ ቸል ልለው አልፈልግም። እንጦጦ ማርያምን ላንሳ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እዚያ ነው፣ በ1882 ዓ.ም.። ልጅ ሆኜ እናቴ እጄን ይዛ በእግር ትወስደኝ ነበር፤ ዳገቱን ስንወጣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ሲወርዱ መንገድ እንለቅላቸው ነበር፣ የባሕር ዛፉ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን፣ የጥንቱን ግንብ አፍርሱልኝ አልልም። ማን እብድ ይላል? እኔም አልፈቅድም። ግን የትም ቦታ ቢሆን መኪና ማቆሚያው ቅርስ አይደለም። ትኬት መቁረጫው፣ ሽንት ቤቱ፣ ካፌው ቅርስ አይደለም። ትናንት በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠራ ነው። ቅርሱ ላይ መድረስ ባልችል እንኳ አጠገቡ ደርሼ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ከሰው ጋር ተቀምጬ መመለስ እችላለሁ። ለዚህ ደግሞ ማንም የቅርስ ባለሙያ አይቃወመኝም።

የኛ ሰው ደግ ነው። ይህን የምለው ለማለት ያህል አይደለም። 14 ዓመት ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች አንስተውኛል። ጎሚስታ ቤት ያለ ልጅ የዊልቸሬን ጎማ ሲሞላልኝ አንድም ቀን ብር ተቀብሎኝ አያውቅም። ረዳቶች ከታክሲ ሲያወርዱኝ ሌላውን ተሳፋሪ «ቆይ፣ ትረፍ!» ብለው ይቆጡልኛል። አቴንስ ውስጥ መንገድ ላይ ብቆም ያን ያህል ሰው አይሮጥልኝም ነበር። ግን አንድ ነገር እንድትረዱልኝ እለምናችኋለሁ። መነሳት ደክሞኛል። የሚያነሳኝ ሰው ባለበት ብቻ መሄድ ደክሞኛል። አራት ጠንካራ ወንድ የሌለበት ሰዓት ላይ፣ ለብቻዬ፣ ከፋኝ ብዬ ወይም ደስ ብሎኝ፣ ለማንም ሳልናገር ወጥቼ ከተማዬን ከላይ ማየት እፈልጋለሁ። ሴት ስትሆኑ ደግሞ የማታውቁት ሰው እጅ ብብታችሁ ሥር ሲገባ ምን እንደሚሰማ አንባቢዎቻችሁ የሆኑ ሴቶች ይረዱኛል።

እናንተን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ራምፕ ሥሩ አልላችሁም፣ የናንተ ሥራ አይደለም። ስለ አንድ ቦታ ስትጽፉ ደረጃውን ቁጠሩልን። «መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለ፣ ራምፕ የለም» ብላችሁ ጻፉ። «የሽንት ቤቱ በር ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር ነው» በሉ። «ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሰገነቱ መንገዱ ጠጠር ነው» በሉ። «ሊፍቱ ይሠራል» ወይም «ሊፍት አለ፣ ግን በሄድንበት ቀን አይሠራም ነበር» በሉ። ሹራብ መያዝ እንደሚያስፈልግ ለመጻፍ ቦታ ካገኛችሁ ለዚህች ሁለት መስመር አታጡም። እኔ ያን ሳነብ ወይ እሄዳለሁ፣ ወይ እቀራለሁ። ወይ ደግሞ ከሰው ጋር እሄዳለሁ፣ ግን አውቄ ነው፣ ውሃዬን ጠጥቼ ነው። የቦታው ባለቤቶች ደግሞ ስማቸው አጠገብ «ሦስት ደረጃ፣ ራምፕ የለም» የሚል በጋዜጣ ሲያዩ በሚቀጥለው ወር የሚሠሩት ይመስለኛል። ሠርተው ሲጨርሱ ደግሞ ደግማችሁ ሄዳችሁ ጻፉላቸው። በደንብ አመስግኗቸው።

የምትጽፉትም ለኔ ብቻ አይደለም። ጉልበቷ የታመመች እናት ያላችሁ አላችሁ። ልጅ በጋሪ የምትገፉ አላችሁ። ከጦርነት እግራቸውን አጥተው የተመለሱ ልጆች በየሰፈሩ አሉ፣ እነሱም ቅዳሜ ሲመጣ መውጣት ያምራቸዋል። ሁላችንም ጋዜጣ እናነባለን።

አቴንስ የነበሩትን አዛውንት እስካሁን አስባቸዋለሁ። ስንወርድ እህቴ ምን ተሰማዎት አለቻቸው። ልጅ ሆኜ አባቴ ያሳየኝ የነበረውን ቦታ አየሁት አሏት። እኔም እናቴ የወሰደችኝን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ። እሷ አሁን አርጅታለች፣ ጉልበቷ እሺ አይላትም። ሁለታችንም አብረን ብንሄድ ደስ ይለኛል፣ የሚያነሳን ሰው ሳንፈልግ።

ለሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አዲስ ቦታ ልታዩ ስትሄዱ ንገሩኝ፣ አብሬያችሁ እመጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ። መለኪያ ሜትር ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁም እኔ ጋ አለ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ